ለሁሉም የገጠመው ትከሻ

ባለፈው ወር የሥራ ባልደረባዬ የሂሩት እናት አርፈው ለቅሶ ደረስኩ። ድንኳኑ ሞልቶ ስለነበር ሳሎን አስገቡኝና ሴቶቹ መሃል ተቀመጥኩ። ንፍሮ ሲዞር ትንሽ ዘገንኩ። ቀና ስል ከፊት ለፊቴ ግድግዳው ላይ በመስታወት የተሰቀለ የአንድ ሰው ፎቶ አየሁ። ጥቁር ሱፍ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ሰረዝ ያለበት ከረባት። ፊቱን አላውቀውም። ትከሻውን ግን አወቅኩት። ቀኙ ከግራው ወረድ ያለ ነው። የአባቴ ትከሻ ነበር።

መደንገጥ ነበረብኝ፤ አልደነገጥኩም። ባቄላዬን እያኘክሁ፣ «ሥራው ደህና ነው፣ አገጩ ሥር ያለው ጥላ ግን በዝቷል» ብዬ አሰብኩ። ሃያ ዓመት በዲዛይን ሥራ የኖረ ሰው አመል ነው፤ ለቅሶ ቤትም ተቀምጦ ስህተት ይለቅማል። ያንን ጥላ የሠራሁት ደግሞ እኔው ራሴ ነኝ።

አባቴ መርካቶ ምን አለሽ ተራ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ነበር። ከባዶ የዘይት ጣሳ የከሰል ምድጃና ኩራዝ ይሠራል። ከልጅነቱ ጀምሮ በቀኝ እጁ መዶሻ ሲያነሳና ሲጥል ኖሮ ገና ሳያገባ ቀኝ ትከሻው ወርዶ ቀረ። እኔ የአሥረኛ ክፍል ፈተና ነጥብ ሳይመጣልኝ ቀርቶ ቤት በዋልኩበት ዓመት፣ ምሳውን የማደርስለት እኔ ነበርኩ። ከተክለ ሃይማኖት ተነስቼ፣ በጋሪና በተሸካሚ መሃል እየተሹለከለክሁ፣ በክረምት ደግሞ ጭቃውን እየዘለልኩ ሽሮው ሳይቀዘቅዝ ለመድረስ እሮጣለሁ። እሱ ሲበላ እኔ የተከመረውን ጣሳ አያለሁ።

ዲዛይን የት ተማርሽ ሲሉኝ የኮሌጁን ስም እነግራቸዋለሁ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የተማርኩት ከዚያ ክምር ነው። ዘንባባ የተሳለበት ጣሳ አለ፣ የዓረብ ጽሑፍ ያለበት አለ፣ ቀዩ ቀለም ከመስመሩ ወጥቶ የታተመ አለ። የትኛው ፊደል ከመንገዱ ማዶ እንደሚነበብ፣ የትኛው አጠገቡ ቆመውም እንደማይነበብ ለይቼ አወቅኩ። ቢጫ ላይ ያረፈ ጥቁር ከሁሉም ቀድሞ ዓይን ውስጥ ይገባል። አባቴ ግን ሥዕሉን ወደ ውስጥ አዙሮ ነበር የሚያጥፈው፤ ገዢ የሚያብለጨልጭ ነገር ነው የሚወደው ይል ነበር።

«አባባ፣ ይሄን ዘንባባ እስቲ ወደ ውጭ አድርገው» አልኩት አንድ ቀን።

«እሳት የሚነድበት ዕቃ ላይ ዘንባባ ምን ያደርጋል?» አለኝ፤ ግን አደረገው። ከደረደራቸው ምድጃዎች መጀመሪያ የተሸጠው እሱ ሆነ።

«ቀለሙ እኮ በሁለት ቀን ተቃጥሎ ያልቃል» አልኩት፤ ለገዢዋ አዝኜ።

«ለመሸጥ አንድ ቀንም ይበቃዋል» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ስንት መጽሐፍ አነበብኩ፣ ስለ ማሸጊያ ሥራ ከዚህ የበለጠ ነገር የነገረኝ የለም።

አንድ ሕግ ነበረው። ቆርቆሮ ከመቁረጡ በፊት ልኩን በብስኩት ካርቶን ቆርጦ ያያል። ቢቸኩልም፣ ገዢ ቆሞ ቢጠብቀውም ያደርገዋል። «ካርቶን ቢበላሽ ካርቶን ነው» ይላል፤ «ቆርቆሮ አንዴ ከተቆረጠ ምሬሃለሁ አይልም።» እሰማዋለሁ፤ ግን የቀጥቃጭ ወሬ ነበር የሚመስለኝ።

በቀጣዩ ዓመት ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ጋሼ ከድር የሚባሉ የስልጤ ሰው የከፈቱት የኮምፒዩተር ጽሕፈት ቤት ገባሁ። ሁለት ኮምፒዩተር፣ አንድ ስካነር፣ አንድ ባለ ቀለም ማተሚያ ነበራቸው። ማመልከቻ እንጽፋለን፣ የሰርግ ካርድና የታሸገ በርበሬ መለጠፊያ እንሠራለን። ፎቶሾፕ የሚባለውን ፕሮግራም ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ ጭኖት ሄዶ ነበር፤ የሚያስተምረኝ ሰው ስላልነበረ ሥራ ሲቀዘቅዝ እየነካካሁ ለመድሁት። ለልምምድ እንዲሆነኝ አባቴ እናቴን ሊያገባ ሰሞን የተነሳውን ፎቶ ከቤት አምጥቼ ስካን አደረግኩትና ዕለቱን መለስኩት። አንገቱን ወደ ወረደው ትከሻው ትንሽ ዘንበል አድርጎ፣ ሊስቅ ሲል የተነሳው ነው። አባቴ ሱፍ ለብሶ የሚታይበት ፎቶ ያ ብቻ ነበር። ሳምንት ሙሉ ነጫጭ ነጠብጣቦቹን ሳጠፋ ሰነበትኩ።

በዚያው ሰሞን አንድ ጠዋት ሁለት ወንድማማቾች እያለከለኩ ገቡ። አባታቸው ሌሊት አርፈዋል፣ ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ በእጃቸው ያለው ፎቶ ደግሞ የቀበሌ መታወቂያ ላይ ያለው ብቻ። ለለቅሶው ተለቅ ተደርጎ እንዲታተምላቸው ፈለጉ። ትልቁ ፎቶውን አየት አደረገና፣ «እህቴ፣ በዚህ ሸሚዝ አይሆንም። ሱፍ አልብሽልን» አለኝ።

ወደ ጋሼ ከድር ዞርኩ። «ሱፍ እኮ የለንም ጋሼ።»

«መርካቶ ተቀምጠሽ የለም አይባልም ልጄ» አሉኝ። «ፈልጊ።»

የነበረኝ የአባቴ ፎቶ ብቻ ነው። ከፈትኩት፣ ከአንገት በላይ ያለውን ቆረጥኩና የሟቹን ፊት አስቀመጥኩበት። አገጩ ሥር ጥላ ጨመርኩ። ወረቀቱ ከማተሚያው ሲወጣ ሁለቱም ልጆች ባንድ ጊዜ አለቀሱ። «አባታችን እንዲህ ሊለብስ ይገባው ነበር» አለ ትንሹ። ጋሼ ከድር ከኋላ ሆነው፣ «ዲዛይነር ናት እኮ!» አሉ፤ እንዲያ ስባል የመጀመሪያዬ ነበር። ደስ አለኝ። ለሌላ ጊዜ ይጠቅማል ብዬ ፊት የሌለውን ሱፍ እንዳለ አስቀመጥኩና ፋይሉን «ሱፍ» አልኩት።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ሱፍ አልብሱልን ሆነ። ሸቀጥ ሻጩም፣ ተሸካሚውም፣ ዘበኛውም ሲሞት ያንኑ ሱፍ ይለብሳል። ከረባቱን አንዳንዴ ቀይ፣ አንዳንዴ ሰማያዊ አደርገዋለሁ። ብርሃን ከየት በኩል እንደሚመጣ፣ የቆዳ ቀለም እንዴት እንደሚዛመድ፣ የሽበት ጠርዝ እንዴት እንደሚለሰልስ የተማርኩት በእነዚያ ሰዎች ነው። መጀመሪያ ሰሞን የሟች ፊት ከፍቼ እህል መቅመስ አልችልም ነበር። በስድስተኛው ወር በአንድ እጄ እንጀራ በሽሮ እየጎረስኩ በሌላው የሟች አንገት አስተካክላለሁ። ሰዎች አጠገቤ ቆመው ሲያለቅሱ ማተሚያው ቀለም እንዳይጨርስ ነው የማስበው። ደንዝዤ ነበር። የሚያስከፋው ደግሞ መደንዘዜን እንደ ሙያ መቁጠሬ ነው።

ክረምቱ ሲገባ ቤታችን አፈሰሰ። ውሃው ግድግዳውን ይዞ ወርዶ የዚያ የአባቴ የሱፍ ፎቶ ፍሬም ውስጥ ገባና ወረቀቱ መስታወቱ ላይ ተጣበቀ። እናቴ ልታላቅቀው ስትሞክር ፊቱ ተላጠ። ቁጭ ብላ አለቀሰች።

«እማዬ፣ ምን ያስለቅስሻል? ኮምፒዩተር ውስጥ አለ እኮ» አልኳት።

አባቴ ከአልጋው ላይ፣ «እርግጠኛ ነሽ?» አለኝ።

«አለ አልኩህ አባባ።» ውሸቴን አልነበረም፤ ያለ መስሎኝ ነው። ነገ አትሜ አመጣለሁ እያልኩ ክረምቱ አለፈ።

መስከረም ላይ አንድ አብሮት የሚሠራ ቀጥቃጭ ሞተና አባቴ ለቅሶ ውሎ መጣ። ጫማውን ሳያወልቅ፣ «ሙሉዬ» አለኝ፤ «ዛሬ ጓደኛዬን ኮቴን ለብሶ አገኘሁት።»

አፈርኩ። የተናደደ መሰለኝ። እሱ ግን ሳቁ አመለጠው። «ይልበስ። ኮቱ መቼ የኔ ሆነ? የፎቶ ቤቱ ነው፤ ከምስማር አውርደው ነው ያለበሱኝ። ከኔ በፊት የነበረው ሰው ላብ እንኳ አልደረቀም ነበር።» ቀጥሎ ቀኝ ትከሻውን በግራ እጁ መታ መታ አደረገ። «ትከሻው ግን የኔ ነው።»

«ይቅርታ አባባ።»

«ምንም አይደል። እኔ ስሞት ግን ጭንቅላቴን መልሰሽ ግጠሚልኝ፤ ሰው ፊት ያለ ጭንቅላት እንዳታወጪኝ።» እናቴ፣ «ሟርተኛ!» ብላ ተቆጣች፤ ሦስታችንም ሳቅን። እኔም እሺ ብዬ ቃል ገባሁለት።

በሚያዝያ አንድ ቀን መዶሻውን እንደያዘ ደረቴን አለ። ሐኪም ቤት ሳይደርስ አረፈ።

ነጠላዬን እንዳጣፋሁ ጽሕፈት ቤቱ ሄድኩ። ጋሼ ከድር ወሬውን ሰምተው ኖሮ በር ላይ ተቀበሉኝ። «ልጄ፣ አንቺ ወደ እናትሽ ሂጂ፤ ሌላ ሰው አሠራዋለሁ» አሉኝ። «እኔው ነኝ የምሠራው» አልኳቸው። ቃል ነበረብኝ።

ፋይሉን ስከፍት ሱፉ አለ፤ ጭንቅላቱ የለም። ሌላ ቦታ ይኖራል ብዬ ፈለግኩ፤ ዲስኬቱንም ሲዲውንም ሁሉ አየሁ። የለም። ያን ጠዋት ወንድማማቾቹ ቆመው ሲጠብቁኝ ቸኩዬ የቆረጥኩት ዋናውን ነበር። ቅጂ አላደረግኩም። የቆረጥኩትን ያስቀመጥኩት በዋናው ላይ ነበር፤ ያለኝ አንድ እሱ ብቻ ነው። ካርቶን ሳላስቀድም ቆርቆሮውን ቆርጬዋለሁ።

የቀረልኝ የቀበሌ መታወቂያው ነው። መታወቂያው ላይ ፎቶ አንሺው ቀጥ በል ብሎት እንደ ወታደር ተገትሯል። ያንን ፊት ቆርጬ ትከሻው ላይ አስቀመጥኩት። አልገጠመም። አዘነበልኩት፣ አሳነስኩት፣ ጥላውን ሦስት ጊዜ ቀየርኩት። የስንቱን ሰው አንገት በአሥር ደቂቃ የገጠምኩበት ትከሻ ለገዛ ባለቤቱ እምቢ አለ። ከሁለት ሰዓት በኋላ የሆነውን ያህል አትሜ ወሰድኩት።

እናቴ ድንኳኑ ውስጥ ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛ ብዙ ጊዜ አየችው። «ይሄ ማነው?» አለችኝ። ቁጣ አልነበረባትም፤ በእውነት እየጠየቀችኝ ነበር። ተመልሼ የመታወቂያውን ፎቶ እንዳለ፣ በሥራ ሸሚዙ፣ አጉልቼ አመጣሁ። ሴቶቹ እሱን ይዘው ደረታቸውን ሲመቱ እኔ ፎቶው ሲጎላ ጠርዙ ላይ እንዴት እንደተሰባበረ ነበር የማየው። አላለቀስኩም። ሰልስቱም አለፈ፣ አርባውም አለፈ፣ አላለቀስኩም። ሰው ጠንካራ ናት አለኝ። ጥንካሬ አልነበረም፤ ባዶ ነበር፤ ሰው ክንዱ ላይ ተኝቶ ሲነሳ እንደሚደነዝዘው።

«ሱፍ»ን ከዚያ በኋላ ከፍቼው አላውቅም። የሚጠይቅ ሲመጣ የለም እላለሁ፤ ጋሼ ከድርም የለም አይባልም አላሉኝም። እኔ ኮሌጅ ስገባ ኮምፒዩተሩ ተበላሽቶ ተሸጠ፤ ቀፎው ምን አለሽ ተራ ደርሶ ምድጃ ሆኖ ይሆናል። ዛሬ አብረውኝ የሚሠሩ ልጆች አንድ ፋይል ሦስት ቦታ ሳላስቀምጥ ሥራ እንደማልጀምር ያውቃሉ፤ ከኋላዬ «ሦስቴ» ይሉኛል። ለምን እንደሆነ ነግሬያቸው አላውቅም።

በዚያ ለቅሶ ቤት ሂሩት መጥታ አጠገቤ ስትቀመጥ ዓይኔ የት እንዳለ አየች። «አባዬ ነው» አለችኝ። «አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር ሲሞት። በሕይወቱ ሱፍ ለብሶ አያውቅም፤ የሆነ ጽሕፈት ቤት ሰዎች ናቸው ያለበሱት። ትከሻው ግን ቁርጥ እሱ ነው። እንዲህ በቀኝ በኩል ወረድ ያለ ነበር፣ በደንብ ትዝ ይለኛል።»

ዓይኔን ወደ ፎቶው መለስኩ። ምን እላታለሁ? ሃያ ዓመት ሙሉ በዚያ ትከሻ ነው አባቷን የምታስታውሰው።

«ፎቶውን በስልኬ ላንሳው?» አልኳት።

«ለምን?»

«ሥራው ደስ አለኝ።»

ለቅሶ መሃል ሆና ፊቷ ፈካ አለ። «አንሺው፣ አንሺው» አለችኝና መስታወቱ ላይ ያለውን አቧራ ራሷ በነጠላዋ ጠረገችልኝ።

ስመለስ ታክሲው ውስጥ መስኮቱ ጋ ተቀመጥኩ። ስልኬን አውጥቼ ፎቶውን ከፈትኩት። ከዚያ እንደ ወታደር ከተገተረው የመታወቂያ ፎቶ በቀር፣ ከአባቴ ገላ በዓይኔ ላየው የምችለው የቀረኝ ይኸው ነው፤ በሰው ቤት፣ በሰው ጭንቅላት ሥር። ናፈቀኝ። ያኔ ያልመጣው ናፍቆት ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ፣ ረዳቱ ሂሳብ እያለ፣ መጣብኝ። የሂሩትን አባት በልቤ ይቅርታ ጠየቅኋቸውና ፊታቸውን በአውራ ጣቴ ሸፈንኩት። እስክወርድ ድረስ ጣቴን አላነሳሁም።