መቲ የመረጠችው ሌንስ

ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ አምቦ ውስጥ የተደገሰ ሠርግ ቪዲዮ ካላችሁ፣ የቀረጸችው መቲ ዋቅቶላ ልትሆን ትችላለች። የሙሽራ ቤተሰቦች እሷን አጥብቀው ይፈልጉ ነበር፤ ሙሽራዋ ስትለብስ ወንድ ካሜራማን ጓዳ አይገባም፣ መቲ ግን ትገባለች። ሥራውን የለመደችው በቤተ ክርስቲያን ነው። የመዘምራኑ ቡድን በስጦታ ያገኘው የካሴት ካሜራ ነበር፤ የመቲ ድምፅ እንደ ጓደኞቿ ስላላማረ "አንቺ ቅረጪን" አሏት። ቀረጸች። ወደ መዝሙሩም አልተመለሰችም።

አባቷ ጤና ረዳት ነበሩ፣ ቀደም ብለው አረፉ። እናቷ ወይዘሮ ደብሪቱ የሠርጉን ሥራ ችለውት ኖረዋል፤ ፊልም የሚባለውን ግን ዓለማዊ ነው ብለው አይወዱትም።

ታምራት የሚባል የስቱዲዮ ሸሪክ ነበራት፤ የከተማው ልጅ፣ ተጫዋች፣ ሰው የሚወደው። እሱ ሥራ ያመጣል፣ እሷ ትቀርጻለች። ስቱዲዮው ጭር ባለ ቁጥር ስለ አንድ ፊልም ያወራሉ፦ በኦሮምኛ የሚሠራ፣ ልጇን ይዛ ጭልሞ ጫካ ስለ ገባች እናት። ታሪኩን አብረው ጻፉት። በ2005 መጀመሪያ ላይ ኦቦ ረጋሳ የሚባሉ የጊንጪ እህል ነጋዴ ወጪውን እችላለሁ አሉ፤ ሦስቱም ካሜራና ሌንስ ሊከራዩ አዲስ አበባ ሄዱ።

አከራዩ ሌንሶቹን ጠረጴዛ ላይ ደረደረላቸው። ታምራት ዓይኑ ያረፈው ክንድ በሚያህለው ትልቅ ዙም ላይ ነው።

"የሲኒማ ማለት ይሄ ነው!" አለ።

"እስቲ አንሣው" አለችው መቲ።

አነሣው።

"አሁን እሱን ይዘህ ሩጥ።"

አከራዩ ሳቀ። እሷ አንዱን ትንሽ ዙም ካሜራው ላይ ገጥማ በመስኮቱ ማዶ ወዳለው የመድኃኒት ቤት ማስታወቂያ አዞረችው። ፊደሉን አቅርባ ፎከስ አደረገች፣ ከዚያ ቀስ እያለች አራቀችው። ፊደሉ ደበዘዘ። "ይሄ የፎቶ ነው፤ ስታርቀው ፎከሱን ይጥላል" ብላ አስቀመጠችው። ሌላውን ትንሽ ዙም ሞከረች። ይሄኛው ሲርቅም ሲቀርብም ፊደሉን ጥርት አድርጎ ያዘ።

"ጥሩ መርጠሻል" አለ አከራዩ። "ግን ልንገርሽ፤ ከትልቁ ያነሰ ብርሃን ነው የሚያስገባው። ሲመሽ ያስቸግርሻል።"

"አውቃለሁ።" ወደ ታምራት ዞረች። "መኪናው ጫካው ዳር ነው የሚቆመው። ከዚያ ወዲያ ጭቃና ዳገት ነው። እናትየዋ ስትሮጥ አብሬያት መሮጥ አለብኝ፤ ያንን ግንድ ተሸክሜ አልችልም። ዙም የሌላቸውን ደግሞ በቀያየርን ቁጥር ጤዛና አቧራ ካሜራው ውስጥ ይገባል። ይሄ ይበቃኛል።"

"ሰው ሲያየን ሠርግ የምንቀርጽ ነው የሚመስለው" አለ ታምራት።

ኦቦ ረጋሳ ወደ ካሜራው ጠጋ አሉ። "ካሜራውን የሚሸከመው ማን ነው?" አሉ።

"እኔ ነኝ፣ ኦቦ።"

"እንግዲያው እሷ ያለችው ይሁን።"

በታኅሣሥ ጭልሞ ገቡ። የእናትየዋን ቦታ የያዘችው ዓለሚቱ የምትባል የጊንጪ አስተማሪ ነበረች። ልጁን አዝላ በጥዶቹ መሀል ቁልቁል ሮጣ ወንዙን የምትሻገርበትን መቲ ሳታቋርጥ ቀረጸችው፤ ከሩቅ ጀምራ፣ አብራት እየሮጠች፣ ውሃው ውስጥ ስትገባ ዓይኖቿ ድረስ አቀረበቻት። የተቀረጸውን መልሰው ሲያዩት ዓለሚቱ ራሷ "ይህቺ እኔ ነኝ?" አለች። ታምራት መቲን አቅፎ አነሣት።

በመጨረሻው ቀን ግን እናትና ልጅ የሚለያዩበት ቀረ፤ ፀሐይዋ ደግሞ ከዛፎቹ ጀርባ ገብታለች።

"ይጨልምብናል፤ ጠዋት እናድርገው" አለች መቲ።

"ነገ ካሜራው ይመለሳል! ይሄንን ሌንስ የመረጠው ማን ነው?" ብሎ ታምራት በሰው ሁሉ ፊት ጮኸባት።

"እኔ ነኝ" አለች። ቀረጸችው። ምስሉ ዐመድ የተነሰነሰበት መሰለ፤ የዓለሚቱ ፊት በወጉ አይለይም። መቲ ጥፋቱን አልካደችም። አንድ ጠዋት እንዲጨመርላት ኦቦ ረጋሳን ለመነች፣ አልሆነም።

ታምራት ለኤዲቲንግ አዲስ አበባ ሄደ። እሷ የጥር ሠርጎች ስለነበሩባት ቀረች። መጀመሪያ ይደውል ነበር፣ በኋላ ተወ።

ፊልሙ አምቦ አዳራሽ ውስጥ በሰኔ ታየ። መቲ እናቷን ስትለምን ሰነበተች፤ "ሥራዬን አንድ ጊዜ ብቻ እዪልኝ" ብላ። ወይዘሮ ደብሪቱ የቤተ ክርስቲያን ልብሳቸውን ለብሰው መጡ። እናትየዋ ወንዙን ስትሻገር የልጃቸውን እጅ ጭምቅ አድርገው ያዙ፤ እንባቸው ወረደ። ሰዉ እያጨበጨበ ሲነሣ እሳቸው አልተነሡም፤ የሠሩት ሰዎች ስም በስክሪኑ እየወጣ ነበርና ዝቅ ባለ ድምፅ ማንበብ ጀመሩ። ተዋናዮቹን አነበቡ፣ ሹፌሩን አነበቡ። ድርሰት፣ ታምራት። ካሜራ፣ ታምራት። በመጨረሻ "ምስጋና" ከሚለው ሥር፣ ከአንድ ሆቴልና ከደን ጠባቂዎቹ በታች፣ የመቲ ስም መጣ።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣" አሉ ወደ ልጃቸው ዞረው፣ "ምን ስላደረግሽላቸው ነው የሚያመሰግኑሽ?"

መቲ ክንዳቸውን ይዛ ከወንበሩ አነሣቻቸው።

በማግስቱ ታምራት ዕቃውን ሊወስድ ስቱዲዮ መጣ፤ አዲስ አበባ ሥራ አግኝቷል።

"የመጨረሻዋን ትዕይንት አዲስ አበባ ያሉት ባለሙያዎች ሳቁባት፣ መቲ። ስምሽ ከሚነሣ የኔ ይነሣ ብዬ ነው። ለአንቺው አስቤ ነው።"

"የወንዙንስ? የወንዙን ማን ቀረጸው ብለው አልጠየቁህም?"

"ጠይቀውኛል።"

"ምን አልካቸው?"

ስልኩን መነካካት ጀመረ።

ጊንጪ ድረስ ሄዳ ለኦቦ ረጋሳ ነገረቻቸው። አዝነው ሰሟት። "እኔ ያንን ጽሑፍ ሳላነብ ነው የወጣሁት፣ ልጄ። ደግሞ ሁለታችሁ አንድ ትመስሉኝ ነበር። አሁን ከታየ በኋላ ምን ይደረጋል?" አሉ። ምሳ ጋበዟት፤ አውቶቡስ አስቁመው አሳፈሯት።

አንድ ቀን ስቱዲዮው ውስጥ ለጉርድ ፎቶ የመጣ ደንበኛ አስቀምጣ ሳለ ሬዲዮኑ ላይ የታምራት ድምፅ መጣ። ጋዜጠኛው ትንሹን ዙም ለምን እንደመረጠ ጠይቆታል። ስለ ዳገቱ ተናገረ፣ ስለ ጤዛው፣ ከተዋናይዋ ጋር ስለ መሮጥ። ቃሉ ሁሉ የእሷ ነበር።

"የሀገራችን ልጅ እኮ ነው! ጎበዝ ነው አይደል?" አለ ደንበኛው።

"ቀና በል" አለችው።

በሚቀጥለው ጥር ስልኳ ጠራ። ታምራት ነው፤ ለሌላ ፊልም ጎጆ የምትባለው የደጋ ከተማ ሄዶ ብርድ ይዞታል። ጭስ ባለበት ጨለማ ቤት ውስጥ ሊቀርጽ ነው፤ የትኛውን ሌንስ ይጠቀም? መቲ ልትዘጋበት ፈለገች፣ አልዘጋችም። ለቤት ውስጥ ዙሙን እንዲተው፣ ብርሃን በደንብ የሚያስገቡትን፣ ዙም የሌላቸውን ሌንሶች እንዲይዝ፣ ከብርዱ ወደ ሞቀው ቤት ሲገባ ካሜራውን ሙቀቱን እስኪላመድ በቦርሳው እንዲያቆየው፣ አለዚያ የሌንሱ መስተዋት ላብ እንደሚያወጣ አንድ በአንድ ነገረችው።

"ተባረኪ" ብሎ ዘጋ።

"ማን ነው?" አሉ እናቷ።

"ታምራት።"

"ምን ብለሽ ታናግሪዋለሽ?"

"ካልነገርኩት ምስሉ ይበላሻላ" አለች። ይህን ከአፏ ስትሰማ በራሷ ላይ የተነሣባት ንዴት እሱ ላይ ከነበራት ባሰ።

ሠርግ መቅረጹን አልተወችም። ነገር ግን ሙሽራዋ ከእናቷ ስትለያይ፣ ቀድሞ ቀርባ ታነሣው የነበረውን፣ የጭልሞው መለያየት ትዝ እያላት፣ አሁን በር ላይ ቆማ ከሩቅ ታነሣው ጀመር። አንዳንድ ቤተሰቦች ቪዲዮው እንደ ድሮው አይደለም ይላሉ። እሷም አትከራከራቸውም።