ኔሪዳ ኩዊልቲ እና ባለ አንድ ክንፍ ሰሌዳዎቿ

ኔሪዳ ኩዊልቲ ሰውን የምትመዝነው በስሙም በሥራውም አልነበረም፤ ወደ ባሕር ተሸክሞት በሚወርደው የማዕበል መጋለቢያ ሰሌዳ ነበር። አብዛኛው ሰው ታዲያ ሚዛኗ ላይ ሳይወጣ ይወድቃል።

ማለዳ ማለዳ ባሏ ክላይቭ አሮጌውን ፒካፕ ከታሉምቢን ከተማ በላይ ባለው ገደል ጫፍ ያቆምና ከፔርሙስ ሻይ ይቀዳል። እሷ ኩባያዋን ይዛ ሩብ ሰዓት ያህል ባሕሩን ዝም ብላ ታያለች። ስድሳ ዓመቷ ነው። ሠላሳ ዓመት የተማሪዎች አውቶቡስ ነድታ ነው ጡረታ የወጣችው፤ በከተማው ከአርባ በታች የሆነ ሰው ሁሉ የእሷን «ቁጭ በል!» እየሰማ ያደገ ነው።

ከፒካፑ ኋላ ሦስት ሰሌዳዎች ተጋድመዋል፤ ሦስቱንም ክላይቭ በጓሮው ጠርቦ የሠራቸው ናቸው። ሦስቱም ከጅራታቸው ሥር እንደ ቢላ የቆመች አንዲት ክንፍ ብቻ አለቻቸው። ባሕሩ ሰነፍ ሆኖ ማዕበሉ ከጉልበት ሳያልፍ ሲቀር ኔሪዳ ረጅሟን ታወርዳለች፤ ሰፊ ናት፣ በትንሽ ግፊትም ትንሳፈፋለች። ማዕበሉ ደረት ሲደርስ መካከለኛዋን። ማዕበሉ ከሰው ቁመት አልፎ እንደ ጣሪያ ሲጠቀለል ደግሞ ቀጭኗን፤ የእሷ ጅራት እንደ ጦር የሾለ ስለሆነ የማዕበሉ ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ይነክሳል። ሌላው ዓለም በባለ ሦስት ክንፍ ሰሌዳ ጭራውን እያወዛወዘ ፍጥነት ይለቃቅማል። ባለ አንድ ክንፏ ግን ካወዛወዟት ትቆማለች። ጎኗን ማዕበሉ ላይ አስደግፎ መልቀቅ፣ ከዚያ አርፎ መቆም ነው። ሰው ደግሞ፣ እንደ ኔሪዳ አስተያየት፣ የሚከብደው አርፎ መቆም ነው።

«ያ ሰውዬ ምንድነው የተሸከመው?» ትላለች ወደ ታች እያየች።

«ሰሌዳ ነዋ» ይላል ክላይቭ።

«ምን ሰሌዳ ነው፣ የቤት ዕቃ ነው እንጂ! ሳሎን ሊሰቅለው ገዝቶት ሚስቱ እምቢ ብላው ነው ይዞት የወጣው።»

ከሁሉ አስበልጣ የምትንቀው ግን ግራንት ሃሎራንን ነበር። ግራንት የታሉምቢን ልጅ ነው። ሃያ አምስት ዓመት ሲድኒ ተቀምጦ ቤትና መሬት ሲሸጥ ኖረና፣ በስድሳ አንድ ዓመቱ ነጭ ጢም፣ የገለባ ባርኔጣና ስምንት ውድ ሰሌዳዎች ይዞ ተመለሰ። ቅዳሜ ቅዳሜ አሸዋው ላይ በባለ አንድ ክንፍ ሰሌዳ መጋለብ ማስተማር ጀመረ። አሥር አሥራ ሁለት የከተማው ሰው ሰሌዳውን አቅፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይቀመጣል።

«ሰሌዳችሁን እናንተ አትመርጡትም» ይላቸዋል ግራንት፣ ቀስ ባለ የሰባኪ ድምፅ። «እሱ ነው እናንተን የሚመርጣችሁ። አዳምጡት።»

አንድ ቀን ኔሪዳ ረጅሟን በራሷ ላይ ተሸክማ በመካከላቸው አለፈች። «ዓይናችሁን ግለጡ!» አለች በአውቶቡሱ ድምፅ። «ባሕሩ ከኋላችሁ ነው ያለው! የሚመርጠው እሱ ነው!» ሁለቱ ሳያስቡት ቀጥ ብለው ተነሡ፤ በልጅነታቸው እሷ ያመላለሰቻቸው ነበሩ።

ግራንትን የናቀችው ለባርኔጣው ብቻ አይደለም። ከባሕሩ ዳር ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ብሎ የውጪው ድንጋይ የሚባል አለ፤ ከሩቅ አውሎ ነፋስ የተነሣ ትልቅ ማዕበል ሲመጣ ብቻ ነው እዚያ ላይ የሚሰበረው። በ1975 በግንቦት እንዲህ ያለ ማዕበል መጣ። ወንዶቹ ሁሉ ገደሉ ላይ ተሰብስበው ነገ እንገባለን፣ ትንሽ ይብረድ ሲባባሉ፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ኔሪዳ፣ ክላይቭ እግር እንዳያንሸራትት ሰም ገና ያልቀባውን አዲስ ቀጭን ሰሌዳ ሳታስፈቅደው አንሥታ ገባች። ሦስት ማዕበል ጋልባ ወጣች። ግራንት ያን ቀን ጆሮዬን አሞኛል ብሎ ፎጣ ተጠቅልሎ ነበር።

አሁን ታዲያ ወደ ባሕሩ በሚወርደው ደረጃ ራስ ላይ አዲስ ሰሌዳ ተተክሏል፤ የሚጋለብ ሳይሆን የሚነበብ። «የውጪውን ድንጋይ ለመጀመሪያ ጊዜ የጋለበው ግራንት ሃሎራን ነው» ይላል። የከተማው የበዓል ኮሚቴ ታሪክ ሲያሰባስብ ቀድሞ የተናገረው እሱ ነበር።

«ሄደሽ አትነግሪያቸውም?» አላት ክላይቭ።

«ለእሱ ውሸት ምራቄን አላደርቅም።»

«አርባ ዓመት ሙሉ ይኸው ነው የምትይው። ሰው ምን ያድርግ? አንቺ ንቀሽ ዝም ትያለሽ፣ እሱ ያወራል። ንቀት እኮ ምስክር ሆኖ አይቆምልሽም፣ ኔሪ።»

«አንተ ደግሞ ጠበቃ ሆነህ ቁም ማን አለህ» አለችውና ሻይዋን ደፋችው። ነገሩ ግን ነክቷታል፤ ያን ቀን መካከለኛዋን ማውረድ ሲገባት ረጅሟን አወረደች፣ ሦስቴም ወደቀች።

በመጋቢት የባለ አንድ ክንፍ ውድድር ቀን ደረሰ። አዘጋጇ ፓይ የሚጋገርበት ዳቦ ቤት ያላት ጆስሊን ነበረች። «ለእኔ ብለሽ ግቢ» ብላ ሳምንት ሙሉ ስትለምናት፣ ኔሪዳ «ሰውን የሚያስንቅ አንድ ነገር እንዳላጣ ብዬ ነው» ብላ ተመዘገበች።

ጠዋት ማዕበሉ ጉልበት አይደርስም ነበር። ኔሪዳ በረጅሟ ቀስ ብላ ተነሣች፤ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ፣ አንድ ዘወር፣ ከዚያ እግሯን እግሯ ላይ እያሻገረች እስከ ሰሌዳዋ ፊት ጫፍ ተራመደችና እጆቿን ጥላ ቆመች። ሰሌዳዋ ሳትናወጥ ድንጋዮቹን ሁሉ አልፋ እስከ አሸዋው ወሰደቻት። አጠገቧ የነበረው ባለ ጢም ወጣት ዶሮ እንደሚያባርር ሰው ሲንፈራገጥ ማዕበሉ ጥሎት ሄደ።

«ምን ሆነህ ነው? ጉንዳን ገብቶብህ ነው?» አለችው ስታልፍ።

ከቀትር በኋላ ነገሩ ተለወጠ። በስተሰሜን፣ ከአድማስ ማዶ የቆየው አውሎ ነፋስ የላከው ማዕበል ድንገት ደረሰ። መጀመሪያ ወገብ፣ ከዚያ ራስ፣ ከዚያ ከውጪው ድንጋይ ላይ ነጭ አረፋ እንደ ጭስ ተነሣ። ጆስሊን ወዲያው ውድድሩን አቆመች። ሰው ሁሉ ገደሉ ላይ ወጥቶ አፉን ከፍቶ ያይ ጀመር፤ ከሲድኒ የመጡ ሁለት ፎቶ አንሺዎችም ረጅም ካሜራቸውን ደገኑ።

አንደኛው ፎቶ አንሺ በደረጃው ራስ ያለውን ጽሑፍ አንብቦት ነበርና፣ «አቶ ሃሎራን፣ እርስዎ አይደሉ እንዴ የመጀመሪያው? ዛሬስ አይገቡም?» አለው።

ግራንት ሳቀ። ሰዉን አየ፣ ባሕሩን አየ፣ እንደገና ሰዉን አየ። ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚሉት ይህን ነው። «እንዴ፣ ለምን አልገባም!» አለና ረጅሙን፣ ባለ ሰፊ ጅራቱን ሰሌዳ አነሣ።

ኔሪዳ አጠገቧ ሲያልፍ ከሰሌዳው ሥር አየች። ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንሸራተተው ክንፉ ወደ ፊት ተገፍቶ ታስሯል፤ በትንሽ ማዕበል እንደ ልብ ለመዞር የሚደረግ ነው፤ በትልቅ ላይ ግን ጅራቱን እንደ ሳሙና ያሟልጨዋል። ዝም ልትል ነበር። ከዚያ የክላይቭ ዓይን ጎኗን ወጋት።

«ግራንት! ይቺ ሰሌዳ የዚህ አይደለችም። ግድ ካልክም ክንፏን ወደ ኋላ ሳበው።»

«ኔሪ የኔ ውድ» አላት ትከሻዋን ቸብ አድርጎ፣ ሰው እንዲሰማ። «እኔና ይቺ ሰሌዳ እንተዋወቃለን።»

«እንግዲህ ድንጋዩን ደግሞ ተዋወቀው» አለችውና ፊቷን አዞረች።

ግራንት እዚያ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ቀዘፈ። ሊነሣ የሞከረው በመጀመሪያው ማዕበል ነው። ቆመም፤ ሰዉ ጮኸለት። ማዕበሉ ከሥሩ ሲቆም ሰፊው ጅራት ወደ ላይ ተነሣ፣ ክንፉ ከውሃው ወጣ፣ ሰሌዳው በጎኑ ተንሸራቶ እሱን ከጣሪያ እንደሚጣል ጆንያ ወረወረው። እግሩን ከሰሌዳው ጋር ያሰረው ገመድ ተበጠሰ። ያ ውድ ሰሌዳ ከድንጋዩ ሥር ለሁለት ተሰንጥቆ ታየ፤ የግራንት ራስ ደግሞ ከአረፋው ማዶ ብቅ ጥልቅ ይል ጀመር።

የነፍስ አድን ጀልባው ከወንዙ አፍ ተነሥቶ ሁለቴ ሞከረ፤ ሁለቴም ማዕበሉ ወደ አሸዋው መለሰው።

«ክላይቭ፣ ቀጭኗን» አለች ኔሪዳ።

ክላይቭ አልተከራከረም። በአንካሳ እግሩ እየተጎተተ ወደ ፒካፑ ሄደ፤ ክንፉን ወደ ኋላ ጥግ ስቦ ብሎኑን አጠበቀ። «ስድሳ ዓመትሽ ነው» አላት ብቻ።

«እንድትቆጥር ነው ወይስ ብሎን እንድታጠብቅ የላክሁህ?»

ከገደሉ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ፣ ማዕበል ሸሽቶ ሲመለስ ጠብቃ ዘለለች። በገደሉ ዳር ያለው የባሕር ጅረት ወደ ውጪ እንደሚጎትት ታውቃለችና ድካሙን ለእሱ ተወችለት። ስትደርስ ግራንት ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል፤ ባርኔጣም ስብከትም የለ። የሰሌዳዋን ጎን ሲይዝ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

«ኔሪ፣ አልቻልኩም። እሞታለሁ።»

«አትሞትም፤ ገና ብዙ ትዋሻለህ። ስማኝ። ይቺ ሰሌዳ ሁለታችንን አትሸከምም። በሆድህ ተኛባት።»

«አንቺስ?»

«እኔ መዋኘት እችላለሁ። ለመቆም እንዳትሞክር፣ አትዙር፣ አትፈራገጥ። ጎንና ጎኗን ይዘህ ዝም በል። ዕድሜህን ሙሉ አንድ ጊዜ ዝም በል!»

ከድንጋዩ ራቅ ወዳለው፣ ዝቅ ወደሚለው የማዕበሉ ትከሻ ወሰደችው። ሁለት ማዕበል አሳለፈች፤ በሦስተኛው ጅራቷን በሁለት እጇ ገፋችው። ቀጭኗ በክንፏ ውሃውን ነክሳ፣ ያንን ጆንያ ተሸክማ፣ ቀጥ ያለ መስመር እያሰመረች እስከ አሸዋው ገባች።

ኔሪዳ ቀጥታ ወደ ዳር አልሞከረችም። ተከታዩ ማዕበል ሁለቴ ወደ ታች አስገብቶ አላወሳት፤ ከዚያ በጀርባዋ ተንሳፍፋ ለጅረቱ ተለቀቀች። ከአንድ ሰዓት በኋላ በስተሰሜን ካለው ባሕር ዳር ወጣች፤ ክርኗ ተልጦ፣ ጨው ውሃ እያስታወካት። ሁለት ኪሎ ሜትር በባዶ እግሯ ተመለሰች። መንገድ ላይ ያገኛት ክላይቭ ነበር፤ ፒካፑን አቁሞ ወረደና ሳይናገር ብርድ ልብስ አለበሳት። ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

«ምን ያስለቅስሃል፣ ሰሌዳዋ ተሰበረች እንዴ?» አለችው።

ሲደርሱ ግራንት በሰው ተከቦ፣ ትኩስ ሻይ ይዞ ለፎቶ አንሺዎቹ ይናገር ነበር። ድምፁ ተመልሷል። «ከባድ ነበር» ይላል። «እኔና ኔሪዳ ተጋግዘን ነው የወጣነው።»

ገደሉ ላይ ሆኖ ሁሉንም ያየው ሕዝብ እርስ በርሱ ተያየ። ጆስሊን መሬት መሬት አየች። ኔሪዳ ቀጭኗን ከአጠገቡ አንሥታ ገለበጠችና ክንፏን በአውራ ጣቷ ዳሰሰች።

«ድንጋይ አስነክተሃታል» አለችው። ከዚያ አርባ ዓመት ያልተናገረችውን ተናገረች፤ ድምፅዋን ሳታነሣ። «ግራንት፣ በ75 የውጪው ድንጋይ ላይ ስትገባ በየትኛው ሰሌዳ ነበር? ክንፉስ የት ታስሮ ነበር? ለእነዚህ ልጆች ንገራቸው፤ ይጽፉታል።»

የግራንት ሻይ ከኩባያው እየተደፋ ሱሪውን ያረጥበው ነበር።

«ጆሮዬን አሞኝ ነበር» አለ በመጨረሻ።

«እሱን እናውቃለን» አለች፤ ሰሌዳዋንም ይዛ ሄደች።

ያ የደረጃው ጽሑፍ በሳምንቱ ተነቀለ። ጆስሊን የኔሪዳን ስም ጽፈን እንትከል ብትላት፣ «በገንዘቡ መውረጃውን ደረጃ ጠግኑበት፤ ሰው ጉልበቱን እየሰበረ ነው» አለቻት። ክርኗ እስኪሽር ስድስት ሳምንት ከባሕር ራቀች፤ በእነዚያ ስድስት ሳምንታት ከእሷ ጋር የኖረው ክላይቭ ነውና ምን እንደቀመሰ እሱ ይናገር። ግራንት የቅዳሜ ትምህርቱን ዘጋ፣ ሰባቱንም ሰሌዳ ሸጠ። ከተማውን ለቆ ይሄዳል ብሎ ሁሉ ሰው ጠበቀ።

በሰኔ፣ ብርዱ ሲገባ፣ አንድ ማለዳ ገደሉ ጫፍ ላይ ብቻውን ተቀምጦ አገኙት። ሰሌዳ አልያዘም። ፒካፑ ሲቆም ተነሣ፤ መሄድ ፈልጎ መሄድ ያቃተው ይመስል ነበር።

«ኔሪዳ» አለ። «ዛሬ የትኛዋን ታወርጃለሽ?»

ከላይ እስከ ታች አየችው። ክላይቭ ስድብ ይመጣል ብሎ ፔርሙሱን ያዘ።

«እኔ ምን አውቄ?» አለችው። «ገና አላየሁትም። ቁጭ በልና እይ።»

እሱ ቁጭ አለ። ኔሪዳም ሩብ ሰዓቷን ጨርሳ መካከለኛዋን አወረደች፤ ማዕበሉ ደረት ደርሶ፣ ነፋሱ ከየብስ ይነፍስ ነበር። ሁለት ሰዓት ያህል ጋልባ ስትመለስ ግራንት ከተቀመጠበት አልተነሣም። ክላይቭ ሻይ ሰጥቶት ኖሯል፤ ኩባያው በእጁ ቀዝቅዟል።

«ምን አየህ?» አለችው ፀጉሯን እየጨመቀች።

«መጀመሪያ ትንሽ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ውሃው ሲሸሽ ትልቅ ሆነ። አንቺም ክንፉን ትንሽ ወደ ኋላ ሳብሽው፣ አይደል? ወርደሽ ሳትገቢ።»

ኔሪዳ ሰሌዳዋን ፒካፑ ላይ ጫነች፣ ገባች፣ በሩን ዘጋች። መኪናው ሲነሣ መስኮቷን ዝቅ አድርጋ፣

«ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል» አለች። «ያንን ባርኔጣ አድርገህ እንዳላይህ።»