ሁለት ሌንስ ይዤ ወደ ጉኑኖ

ዓርብ ንጋት፣ አዲስ አበባ

ጎህ ሳይቀድ መናኸሪያ ደርሻለሁ። ረዳቱ በተዘጋ ጉሮሮ "ሶዶ፣ ሶዶ" ይላል። ቦርሳዬ ውስጥ መዳፍ የምታህል፣ ውስጧ መስታወት የሌላት ሚረርለስ ካሜራ አለች፤ ቀላል ናት ብዬ የገዛኋት፣ በእርግጥም ቀላል። ሸክሙ ያለው አጠገቧ የተኙት ሁለት ሌንሶች ላይ ነው። ሁለቱም ሩቁን የሚያቀርቡ ዙም ሌንሶች ናቸው፤ ሁለቱም የእኔ አይደሉም። ያገለገለ ካሜራ የሚሸጥ አንድ ወዳጄ "እዚያው ሞክሪያቸውና ሰኞ አንዱን መልሺ" ብሎ አሸክሞኛል።

ትንሹ ከአርባ እስከ መቶ ሃምሳ ሚሊሜትር ይደርሳል፤ ብርቱካን ያህላል፣ ኪስ ውስጥ ይረሳል። ትልቁ ከመቶ እስከ አራት መቶ ነው። እሱ ሲገጠም ካሜራዬ የሌንሱ ቁልፍ መያዣ ትመስላለች። ልቤ ወደ ትንሹ ነው፤ ቀላል ካሜራ ገዝቶ ከባድ ሌንስ መሸከም ሥጋ ላለመብላት ምሎ መረቁን እንደመጠጣት ይመስለኛል።

የምሄደው ለሽርሽር ብቻ አይደለም። የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ማርቆስ ሶዶ መምህር ነው። ባለፈው ደውሎ አንድ ነገር ለመነኝ፤ "አባቴን ሲስቅ አንሺልኝ" አለ። አባቱ አቶ ዳና ከሶዶ ወጣ ብላ ባለችው ጉኑኖ የታወቁ ሳቂታ ናቸው አሉ። ካሜራ ሲያዩ ግን ውሃ የጎረሱ ይመስል አፋቸውን ይገጥማሉ። ቤቱ ውስጥ ያሉት ፎቶዎቻቸው ሁሉ የመታወቂያ ናቸው። "ዕድሜው ገፍቷል" አለኝ ማርቆስ። "ልጆቼ አያታችን ኮስታራ ነበር እንዲሉ አልፈልግም።"

እቅዴ ቀላል ነው፤ ርቄ እቆማለሁ፣ ሳያዩኝ አነሳለሁ።

ዓርብ ቀን፣ መንገድ ላይ

ቡታጅራን አልፈን ሆሳዕና ላይ ለምሳ ወረድን። ሽሮው ፈላ፣ እንጀራው አለቀ፣ ሾፌሩ ተቆጣ። ቦርሳዬን ስከፍት ትልቁን ሌንስ አየና ምንድን ነው አለኝ። ሌንስ እንደሆነ፣ ሌላም ትንሽ እንደያዝኩ ነገርኩት። እሱ ሁለት ትርፍ ጎማ ይዞ በወጣ ቀን አንድም ጎማ ተንፍሶበት አያውቅም፤ ስለዚህ ሁለቱንም ከያዝሽ ማናቸውም አያስፈልጉሽም ብሎ ደመደመ። ሶዶ እስክንገባ በዚህ ሐሳብ ሲስቅ ነበር።

ከሆሳዕና ወዲህ መንገዱ በእንሰት የታጠረ ነው። አቮካዶ በጆንያ፣ ቦዬ የሚባለው ሥራ ሥር በክምር፣ ሙዝ በሞተር ሳይክል ላይ። ቀዩ አፈር ዝናብ ጠግቧል።

ዓርብ አመሻሽ፣ ሶዶ

ከሆቴሉ በረንዳ ዳሞታ ተራራ ፊት ለፊት ነው። ሁለቱን ሌንሶች አፈራርቄ ሞከርኩ። ትንሹ ተራራውን፣ ከተማውንና ደመናውን አንድ ላይ ሰብስቦ ሰጠኝ። በትልቁ አንዲት ዛፍ ላይ ያለ ጭልፊት አየሁ፤ ግን ብርሃን ሲቀንስ ማጥራት አቅቶት ይደነብራል፣ እጄም ሲደክም ጭልፊቱ መወዛወዝ ጀመረ። ትልቁን ሰኞ እንደምመልሰው ወስኜ ተኛሁ።

ቅዳሜ ረፋድ፣ ጉኑኖ

ከማርቆስ ጋር ስንደርስ አቶ ዳና ደጃፍ ላይ ጠበቁን። ረጅም፣ ባለ ከዘራ፣ ባርኔጣቸው ዘወር ያለ። ገና ስገባ እጄን ይዘው ጎናቸው አስቀመጡኝ፣ ጉልበት ለጉልበት። "እዚህ ና ልጄ፣ ቁጭ በል" አሉኝ፤ አማርኛቸው ሴትና ወንድ አይለይም፣ ግብዣውም እንዲሁ። ረጅም ጸሎት ተደረገ፤ እኔም፣ እናቴም፣ የመጣሁበት መኪናም ተባረክን። ከዚያ ቁርጡ ቀረበ፤ አጠገቡ ዳጣ፣ እንባ የሚያስፈታው የበርበሬ ማባያ።

ችግሩ ወዲያው ታየኝ። ትልቁ ሌንስ ከአንድ ሜትር በላይ ካልራቁት ምንም አያጠራም። እኔ ደግሞ ከአቶ ዳና አንድ ስንዝር ላይ ነኝ። ቀስ ብዬ ተነስቼ ወደ በሩ አፈገፈግኩ። ምን አስከፋናት ተባለ፤ ማርቆስ እየሳቀ ተረጎመልኝ። እዚህ አገር እንግዳን ከራስ አርቆ ማስቀመጥ ነውር ነው። ወንበሬ ተመልሶ ጎናቸው ተደረገ፣ ቁርጥም ተጨመረልኝ።

ጓሮውን ልይ ብዬ ወጣሁ። አቶ ዳናም እንግዳ ብቻውን አይሄድም ብለው ከዘራቸውን አንስተው ተከተሉኝ። እኔ ስሸሽ እሳቸው ሲደርሱብኝ፣ ቡናውንና እንሰቱን ዞረን ጨረስን። ትንሹን ሌንስ ገጥሜ አንድ ጊዜ አነሳኋቸው፤ አፋቸውን ገጠሙ። ሌላ መታወቂያ ሆነ።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ አጥሩ ሥር

ሲሰለቸኝ ትልቁን ገጥሜ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። አቶ ዳና አዩትና "ይሄ ከቅርብ አያይም?" አሉ። የሩቅ እንደሆነ ነገርኳቸው። ምን ያህል ሩቅ አሉ። ከማስረዳ ይዩት ብዬ ካሜራውን ሰጠኋቸው።

ከሸለቆው ማዶ ዳገቱ ላይ የታናሽ እህታቸው የወይዘሮ አየለች ቤት አለ። አቶ ዳና ወገባቸውን ከታመሙ ወዲህ ቁልቁለቱን አልወረዱም፣ ሞተርም ላይ አይወጡም። የእህታቸውም ጉልበት እምቢ ብሏል። ማታ ማታ በስልክ ያወራሉ፤ ከተያዩ ግን ሁለት ክረምት አልፏል። ማርቆስ ደውሎ አክስቱን ወደ ግቢ አስወጣቸው።

አቶ ዳና ሌንሱን ወዲያ ወዲህ አዞሩና ቆሙ። ከዚያ ሳቁ። ላይ የጎደለው ጥርስ ሳይቀር እየታየ፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ሳቁ። እህታቸው አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ጎመኗ ውስጥ የገባችባትን ላም እየተሳደበች ነው አሉን፤ ልክ እንደ ድሮዋ።

ካሜራው እሳቸው እጅ ላይ ነው። የማርቆስ ስልክ ጆሮው ላይ ነው። እኔ ባዶ እጄን ቆሜያለሁ።

"አነሳሽው?" አለኝ ማርቆስ።

"በምን?" አልኩት።

ካሜራውን ሲመልሱልኝ አፋቸው ተገጥሟል። ለቅሶ ሊመጣብኝ ነበር። ትንሽ አሰቡና እጄን ያዙ።

"እኔ አየሁት። እህቴ እኔን አላየኝም" አሉ። "ሂድ፣ አሳየው።"

ከጎናቸው አንድ እርምጃ የነፈጉኝ ሰው ሸለቆ አሻግረው ሰደዱኝ።

ቅዳሜ፣ ወዲያ ማዶ

ከማርቆስ ጋር ወረድን። ጭቃው ያንሸራትታል፣ ሌንሱ ደረቴን ይደልቃል፤ ትንሹ ሌንስ ኪሴ ውስጥ መኖሩንም ረስቼዋለሁ። ሸለቆው ሥር ያለውን ውሃ በድንጋይ ተሻግረን ስንወጣ ወይዘሮ አየለች በሩ ላይ ጠበቁን። እንደ ወንድማቸው ረጅም ናቸው። ለምን እንደመጣን ማርቆስ ነገራቸው።

ሌንሱን እኔ ከሥር ደገፍኩላቸው፣ እሳቸው ዓይናቸውን አስጠጉ። ማዶ አቶ ዳና አጥሩ ላይ ተደግፈው ባርኔጣቸውን ያወዛውዛሉ። ወይዘሮ አየለች ብዙ ቆዩ። ትንፋሻቸው እጄ ላይ ይሰማኛል።

"አርጅቶአል" አሉኝ በአማርኛ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ካሜራውን መለሱልኝና ስልካቸውን አንስተው በወላይትኛ ጮክ ብለው ተናገሩ። ምን አሏቸው ብዬ ማርቆስን ጠየቅኩት።

"ምንም አልተለወጥክም፤ ያው ያ ጎረምሳ ነህ እያለችው ነው።"

ማዶ ትንሽ ሆኖ የሚታየው ሰው ስልኩን ጆሮው ላይ እንዳደረገ ራሱን ወደኋላ ጣለ። ሳቁ እዚህ አይሰማም። ዙሙን እስከ አራት መቶ ገፋሁና ተጫንኩ።

ሰኞ፣ አዲስ አበባ

ትንሹን ሌንስ መለስኩ። ወዳጄ ተገርሞ ትልቁ አይከብድሽም ወይ አለኝ። ይከብዳል፣ አልኩት።