አንድም አውሮፕላን ያላረፈበት ማረፊያ

ነገሩ የሆነው አምና ሐምሌ ነው። በአውሮፕላን ማረፊያችን በኩል ባለፍኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ አንዴ ያናድደኛል፣ አንዴ ያስቀኛል።

አዎ፣ አውሮፕላን ማረፊያ አለን። ከሞላሌ ብዙም በማይርቀው ቀበሌያችን የቧንቧ ውኃ የለም፤ መንገዱም በክረምት ይቆረጣል። አውሮፕላን ማረፊያ ግን አለን! የአገራችን ልጅ የሆኑ አንድ ባለሀብት ለግል አውሮፕላናቸው ያሰቡት፣ እኛም በደቦ ድንጋዩን ለቅመን ያስተካከልነው ሜዳ ነው።

የምረቃው ዕለት አገሩ ነቅሎ ወጣ። እንግዳን ወጥቶ አለመቀበል ነውር ነውና ካህናቱ ጃንጥላ ዘርግተው፣ እናቶች እልል እያሉ፣ ሙክቱም ተጎትቶ፣ አውሮፕላኑ የሚያርፍበት ቦታ መሐል ላይ ቆመን ጠበቅን። አውሮፕላኑ ሦስት ጊዜ በላያችን ዞረ። እኛም ሰላምታ መስሎን እጃችንን አውለበለብን። ከዚያ ወደመጣበት ተመለሰ። ባለሀብቱ ተቀይመው ይሁን ተስፋ ቆርጠው ድጋሚ አልመጡም፤ ማረፊያውም ታጥሮ ተዘጋ።

ዘበኛውን ጋሽ ተሰማን ግን “ይበቃዎታል” ያላቸው ሰው የለም። ስለዚህ ዛሬም ይጠብቃሉ። ሰው ቀርቶ በግ አያሳልፉም። ለምን ሲባሉ “ቢመጣስ?” ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ አውሮፕላኑ እስካሁን እየዞረ ይሆናል።

አምና ሐምሌ ባለቤቴን አስናቀችን ምጥ ያዛት። የመጀመሪያችን ነው። አምቡላንሱ ጭቃው አላስገባው ብሎ ከሜዳው ማዶ ጠጠር መንገዱ ላይ ቆመ። አራት ሆነን በቃሬዛ ተሸክመናት ወጣን፤ እናቴም ከጎን አለች። ዙሪያውን መሄድ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ በሜዳው ማቋረጥ ሩብ ሰዓት።

ጋሽ ተሰማ በሩ ላይ ዱላቸውን አጋድመው ቆመዋል።

“ጋሼ፣ ምጥ ይዟታል! ያሳልፉን!” አልኳቸው።

“ማርያም በሽልም ታውጣሽ፣ ልጄ” አሏት። ዱላው ግን አልተነሣም። “እዚህ መንገደኛ ካልሆነ አይገባም። የታዘዝኩት እንዲያ ነው።”

ደሜ ፈላ። ዱላውን ልነጥቃቸው ስል አስናቀች ከቃሬዛው ቀና አለች።

“መንገደኛ ነኝ! ይመዝግቡኝ!” ብላ ጮኸች።

ጋሽ ተሰማ በፌስታል የተጠቀለለ ደብተር ከጉያቸው አወጡ። አንድም ስም አልተጻፈበትም። እሷ እያቃሰተች ስሟን ከነአያቷ ጻፉ። ከዚያማ ዱላውን ጥለው የቃሬዛውን እጀታ ከእጄ ነጠቁኝ። “መንገደኛ ማድረስ የእኔ ሥራ ነው” ብለው በዚያ ዕድሜያቸው ከፊት ሆነው ሮጡ።

ሜዳው መሐል ስንደርስ አስናቀች “አውርዱኝ!” አለች። ያኔ እንግዳ ስንጠብቅ የቆምንበት ቦታ ነው። እኛ ፊታችንን አዞርን። እናቴ ተቀበለቻት፤ ሴት ልጅ! ጋሽ ተሰማ ጋቢያቸውን አውልቀው ወደ ኋላ አቀበሉ። እናትና ልጅን በደኅና ይዘን አምቡላንሱ ጋ ስንደርስ ብርድ እያንቀጠቀጣቸው ደብተራቸውን ገልጠው ጻፉ፦ “አንዲት አዲስ መንገደኛ በሰላም አረፈች።”

ምጥ ከያዛት ሴት ስም ከነአያት የሚጠይቅ ሰው አሁንም ያናድደኛል። ግን እሳቸው ባይጠብቁት ሜዳው ድሮ ታርሶ፣ እኛም ማጥ ውስጥ እንቀር ነበር። ይህን ፊት ለፊት ነግሬያቸው አላውቅም።

ልጄ አሁን ድክ ድክ ትላለች። በሩ ላይ ስንደርስ ዱላው ለእኔ ዛሬም ይጋደማል። እሷን ሲያዩ ግን ያነሡታል። እኔም እጇን ይዤ፣ በእሷ ፈቃድ እገባለሁ።