ኤዶ ዘህራ «አላውቀውም» ያለች ቀን

«አትሄድም ብያለሁ!»

«ሆዮ፣ ከበሩ ዞር በይልኝ።»

«መጀመሪያ ቅበረኝና ሂድ!»

ጎረቤታችን ዘህራ በሩን ተደግፋ ቆማለች። እንደ አክስት ስለማያት ኤዶ እላታለሁ። በሶማልኛ «ሆዮ»፣ እናቴ የሚላት ልጇ ኑሪ የታጠበ ሸሚዝ ለብሷል። ፌዴራሎቹ ሰው አሻጋሪውን ደላላ እንደገና ስለያዙት፣ ዛሬ ፍርድ ቤት ሊመሰክርበት ነው።

«አንተ ገጣሚ፣ ምን ይዘጋሃል? ንገረው እንጂ!» አለችኝ።

ምን ልበለው? ደላላው መጀመሪያ በተያዘ ጊዜ ያስተረጎምኩላት እኔ ነበርኩ።

ያኔ ትምህርቴን ትቼ በሲጋራ ካርቶን ላይ ግጥም የምሞነጫጭር ጎረምሳ ነበርኩ። ደላላው ኑሪን በመልካ ጀብዱ በኩል አሻግሮት፣ ከበረሃው ማዶ አጋቾች ይዘውት ነበር። የኤዶ አማርኛ ለገበያ ይበቃል፤ ለልቅሶ ግን ሶማልኛዋ ይቀናታል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ የመጣው መርማሪ እኔን አስጠራኝ።

ከሰዓት በኋላ፣ ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ ከተማው ሲተኛ፣ እሱ ኮቱን እንደለበሰ በላብ ተጠምቆ ይመጣል። የሰጠችውን የሁመር ጭማቂ ይጠጣና፣ «እማማ፣ እርስዎ ከመሰከሩ የደላሎቹ ሰንሰለት ይበጠሳል» ይላታል።

«ልጄ ያለው ሰንሰለቱ ጫፍ ላይ ነው በለው» አለችኝ።

በፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ዋዜማ የደላላው ሽማግሌዎች ጫት ይዘው መጡ። ዝም ካለች ኑሪ ይመለሳል አሉ። ዱዓ ተደረገ። በእኛ ሰፈር ዱዓ የተደረገበት ነገር ዳኛ ፊት አይቀርብም። መርማሪው ይህን አላወቀም፤ ፍርድ ቤቱ ደጅ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ገዝቶ ጠበቃት።

ገባች። ደላላውን አየችው። «አላውቀውም» አለች፤ ተረጎምኩ።

ስንወጣ መርማሪው «በትክክል ነው የተረጎምከው?» አለኝ።

«በትክክል።»

ውሃውን ለእኔ ሰጠኝና ሄደ። ለብ ብሎ ነበር።

ኑሪ አጥንቱ ብቻ ቀርቶ ተመለሰ። ደላላውም ተፈታ፤ ክረምቱ ሳይወጣ የሌላዋን ጎረቤታችንን የሐሊማን ልጅ ወሰደ። ልጁ አልተመለሰም። ኤዶ ከዚያ ወዲህ ገበያ ስትሄድ በሐሊማ ደጅ አታልፍም፣ ዞራ ነው የምትሄደው። ያን ቀን ማን እንዳጠፋ ስንት ግጥም ጀምሬ ጣልኩ። እናትን መክሰስ አልሆነልኝም፤ ሌላ የምከሰው ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ሩቅ ነው።

«ዱዓውን ልታፈርስ ነው?» አለችው አሁን፣ ድምጿ ደክሞ።

«ዱዓው ለእኔ ነበር ሆዮ። ለሐሊማ ልጅ ማን አደረገለት?»

እኔን አየችኝ። የምተረጉመው ነገር አልነበረም። ቀስ ብላ ከበሩ ዞር አለች።

ኑሪ ጫማውን አጥልቆ ወጣ። ሙቀቱ እንዳይገባባት በሩን በዝግታ ዘጋው።