ለሰባት ቁጥር ያሰማሁት እልልታ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባሌም ሳልነግረው ሞተ። ለነፍስ አባቴ የነገርኳቸው ግማሹን ነው። «አባቴ፣ ሳላስበው እልልታ አመለጠኝና በኔ ጦስ ሰው ተጎዳ» አልኳቸው። ጥቂት ስግደት አዘዙኝ፤ ሰገድኩ፣ ጉልበቴን አመመኝ፣ በዚያው አለፈ። አላመለጠኝም ነበር። ሳምንት ሙሉ ጉሮሮዬ ውስጥ ይዤው የዞርኩት እልልታ ነው። ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ዛሬ በእሳቸው ቦታ ተቀምጣችሁ ስሙኝ። ስግደት ግን አትዘዙልኝ፣ አሁን ጉልበቱም የለኝም።

ጊዜው ጣሊያን አዲስ አበባን የያዘበት ነው። እኔ አስካለ፣ ያኔ ሠላሳ ዓመት ያልሞላኝ፣ ልደታ ማርያም በር አጠገብ ፈትል እየሸጥኩ የምኖር ሴት ነበርኩ። ከቤተ ክርስቲያኑ ወደ አብነት በሚወስደው መንገድ ላይ ጣሊያኖቹ ለልጆቻቸው ሰፊ የሲሚንቶ ሜዳ ሠርተው ዙሪያውን በሽቦ አጠሩት። ልጆቹ ከሥሩ አራት ትንንሽ ጎማ ያለው ጫማ ያደርጉና እዚያ ላይ ይንሸራተታሉ፣ ይሽከረከራሉ፣ ዘለው ይወርዳሉ። እነሱ ፓቲኒ ይሉታል፣ እኛ ባለ ጎማ ጫማ አልነው። እሑድ እሑድ ውድድር አለ። ሦስት ዳኞች ጠረጴዛ ይዘው ይቀመጣሉ፤ አንዷ ልጅ ተጫውታ ስትጨርስ ሦስቱም ከአሥር የሰጧትን ቁጥር በሰሌዳ ያነሳሉ። ሐበሻ ከሽቦው አልፎ አይገባም። ውጪ ቆሞ ማየትን ግን ማንም አልከለከለንም፤ ከቅዳሴ መልስ ነጠላችንን እንደለበስን ሄደን እንቆማለን።

መጀመሪያ የሄድነው ልናሾፍ ነበር። ሰው መሬት እያለለት ጎማ ላይ ይቆማል ወይ እያልን እንስቅ ነበር። ከዚያ ሰባት ቁጥር መጣች። ጀርባዋ ላይ ሰባት ተለጥፎባት፣ አሥራ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው፣ አንድ እግሯን ወደ ኋላ ዘርግታ በሌላው ብቻ ሜዳውን ስትዞር ሳቃችን ጠፋ። ከዚያ እሑድ ወዲያ የሠፈራችን ወሬ እሷ ሆነች። አብነት አቶ በላቸው የሚባሉ ጫማ ሰፊ ነበሩ፤ የልጆቹ ጫማ ጠፍር ሲበጠስ የሚጠግኑት እሳቸው ስለሆኑ ራሳቸውን አራተኛ ዳኛ አድርገው ሾሙ። ሳምንቱን ሙሉ እሳቸው ቤት ክርክር ነው። መቀመጫቸው አጠገብ ባለች ጣውላ ላይ ሚስማር ይተክላሉ፤ በአንድ በኩል ዳኞቹ የሰጡት፣ በሌላ በኩል እኛ የሰጠነው።

«ግራ እግሯ ተንቀጠቀጠ፣ ስምንት ይበቃታል» ይላል አንዱ።

«የት ነው የተንቀጠቀጠው? አንተ ስታይ ዓይንህን ፀሐይ ወግቶህ ነው» እለዋለሁ እኔ።

«አስካለ ከፈረደች አለቀ» ብለው አቶ በላቸው ሚስማሯን ይተክላሉ። አልዋሽም፣ ይህ ደስ ይለኝ ነበር። ፈትል ሻጭ ሆኜ ማን ሐሳቤን ጠይቆኝ ያውቃል? መሐል የሚቀመጠውን ባለ መነጽር ዳኛ ሁላችንም እንጠላዋለን፤ ሁለቱ ዘጠኝ ከሰጡ እሱ ስምንት፣ ስምንት ከሰጡ እሱ ሰባት። ሁልጊዜ አንዲት ይነክስባታል።

አሁን ምስጢሩን ልንገራችሁ። ሰባት ቁጥር የኛ ነበረች። ስሟ ኤሌኒ ነው። አባቷ ሙሴ ያኒ የሚባል ግሪክ አናጢ፣ እናቷ ደግሞ ጥሩነሽ፣ የልደታ ልጅ፣ አብራኝ ያደገች ጓደኛዬ። ኤሌኒን በሰማንያ ቀኗ ልደታ ማርያም ክርስትና ያነሳኋት እኔ ነኝ። ጣሊያን ሲገባ ነጭና ሐበሻ እንደ ባልና ሚስት በአንድ ጣሪያ ሥር አይኖርም ተባለ። ሙሴ ያኒ ልጅቱን «እናቷ አገሯ የሞተች ግሪክ ናት» ብሎ አስመዘገበ። መልኳም አያሳጣም። ጥሩነሽ በገዛ ቤቷ ሠራተኛ ሆነች። እሑድ እሑድ የልጇን ጫማ ከረጢት ተሸክማ ከኋላ ከኋላዋ ትሄዳለች፣ ሜዳው ዳር መሬት ላይ ትቀመጣለች። ለሠራተኛ መግባት ይፈቀድ ነበር።

የሠፈሩ ሰው ያውቃል፣ ግን ሁሉም አፉን ይዟል። ሽቦው ጋ ስሟን አንጠራም። እልል አንልም። ከሁሉም በላይ ይህን አደራ ያልኩት እኔ ነኝ፤ እልልታ ለባዳ አይባልም፣ እልል ካልን ያውቁብናል ብዬ ሴቶቹን እየዞርኩ የለመንኩት እኔው ነኝ። ልጅቱንም ያስተማርኳት እኔ ነኝ። አንድ ቀን እናቷ ፈትል ልትገዛ ስትመጣ ይዛት መጥታ ነበርና አገጯን ይዤ፣ «ሽቦው ጋ ስታዪኝ እንዳታውቂኝ። ቢጠይቁሽም አላውቃትም በይ፣ ካስፈለገም ሳቂብኝ» አልኳት። ይህን ያልኩት በዚህ አፌ ነው።

ግንቦት ልደታ መጣ። እንደ ወጉ የሠፈሩ ሰው ደጅ ወጥቶ ንፍሮውን ቀቀለ፣ ተመራረቀ። እኔም የክርስትና ልጄ ልትቀምስ ይገባል ብዬ ጥቂት ንፍሮ በጨርቅ ቋጥሬ ወደ ሽቦው ሄድኩ። ለምን ሄድኩ? ማንም አልላከኝም። እኔ የከለከልኩትን እኔው ልሽር ሄድኩ። ኤሌኒ ከአንድ ሹም ልጅ ጋር ቆማለች፤ ያቺኛዋ ሁልጊዜ ፀጉሯን በቀይ ጥብጣብ የምታስር፣ በውጤት ከሰባት ቁጥር ቀጥሎ ሁለተኛ የምትወጣ ተፎካካሪዋ ናት። ቋጠሮዬን በሽቦው ቀዳዳ አሳለፍኩ። ባለ ቀይ ጥብጣቧ ማን ናት ብላ ጠየቀቻት። ኤሌኒ ዓይኔን እያየች፣ ለጣሊያኖቹ ፈትል ስሸጥ በለቃቀምኳት ጣልያንኛ እንኳ በሚገባኝ ቀላል ቃል፣ «አላውቃትም፣ ለማኝ ትሆናለች» አለች። ሁለቱም ሳቁ። ንፍሮው መሬት ላይ ቀረ።

ከኋላዬ የአቶ በላቸው ቤት ሰዎች ቆመው ነበር። አንዱ ቀልደኛ፣ «አስካለ፣ ዛሬስ ዜሮ ሰጠችሽ» አለኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ቤቴ ስገባ ግን ፊቴ ይነድ ነበር። ያስተማርኳትን ቃል በቃል ፈጸመች፤ እንዲያውም አሳምራ ፈጸመች። ታዲያ ምን አናደደኝ? ለማኝ የምትለዋን እኔ አላስተማርኳትም ብዬ ነው? ያኔ የማውቀው፣ ይቺን ልጅ የማን ልጅ መሆኗን አንድ ቀን አስታውሳታለሁ ማለቴን ብቻ ነው።

ኀሙስ ዕለት ጥሩነሽ መጣች። ልጅቱ ስታለቅስ ማደሯን፣ «የክርስትና እናቴን ጉልበቷን ሳሚልኝ» ብላ መላኳን ነገረችኝና እውነትም ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመች። «ምን ሆንሽ፣ ልጅ አይደለች እንዴ» አልኳት። አፌ እንዲህ አለ። ሆዴ ግን አልበረደም። ያን ቀን በርዶ ቢሆን ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። እንግዲህ ከኀሙስ በኋላ የሠራሁትን ሁሉ ይቅርታ ከተጠየቅኩ በኋላ እንደሠራሁት ቁጠሩት።

እሑድ የዓመቱ መጨረሻ ውድድር ነበር። ባለ ቀይ ጥብጣቧ ቀድማ ተጫውታ ሃያ ስድስት አገኘች። ከዚያ ሰባት ቁጥር ወጣች። እንዴት እንደተጫወተች ልነግራችሁ እችላለሁ፤ እያንዳንዷን ዙር አስታውሳለሁ። በአንድ እግሯ ቆማ ስትሽከረከር የሽቦው ሕዝብ ትንፋሹን ዋጠ። ዘላ ስትወርድ ጎማዎቹ ሲሚንቶውን የነኩት አንዴ ብቻ ነው። አቶ በላቸው ጣቶቻቸውን እያጠፉ ይቆጥራሉ። ጥሩነሽ ከረጢቱን ታቅፋ፣ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች፤ ሠራተኛ የአሠሪዋን ልጅ አትኩራ አታይምና።

አንደኛው ዳኛ ዘጠኝ አነሳ። ሦስተኛው ዘጠኝ አነሳ። ባለ መነጽሩ ሰሌዳው ላይ እጁን አድርጎ ቆየ። ሁሉም ዓይን ወደሱ ሆነ። እኔ አላየሁትም። እኔ የማየው ኤሌኒን ነበር። ያኔ አፌን ከፈትኩ፣ እልል አልኩ፣ «የጥሩነሽ ልጅ፣ የልደታ ማርያም ልጅ» ብዬ ጮኽኩ።

ባለ መነጽሩ ያን ቀን አሥር አነሳ። እሱ አሥር ሲሰጥ ያን ቀን ብቻ ነው ያየነው። ሰሌዳው ሲወጣ የኔ እልልታ ተጀምሯል፤ ይህን የማውቀው ግን እኔ ብቻ ነኝ። ሴቶቹ አሥሩን ሲያዩ ከኔ ተቀብለው ሽቦውን በእልልታ አናወጡት። ከዚያ በኋላ ሠፈሩ ሁሉ ያወራው፣ አሥሯን ስታይ አስካለን ደስታው አሸነፋት ተብሎ ነው። እኔ ግን ስለ አሥሩ አላወቅኩም። ቢያነሳ ባያነሳ ግድም አልነበረኝም።

ዳኛው አስተርጓሚውን ጠርቶ ምን እያሉ ነው አለው። አስተርጓሚው የሠፈራችን ልጅ ነው፣ ፊቱ ተለዋወጠ። «ጨዋታው ደስ ብሏቸው ነው፣ ሌላ ነገር የለም» አለ። እግዜር ይስጠው፣ እኔ ያፈረስኩትን ሊጠግን ሞከረ። እዚያ ላይ ያበቃ ነበር። ግን ጥሩነሽ ተነሳች። ምን ታድርግ? እኛ ዘንድ እልል ሲባልላት እናት ተቀምጣ አትቀርም። በሠርግም፣ በክርስትናም፣ ልጇ በተመረቀላት ቦታ ሁሉ ተነስታ ወደ ሰዉ ዞራ እጅ ትነሳለች። ጥሩነሽም ሳታስበው ከረጢቱን አስቀመጠች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ወደ ሽቦው ዞራ ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ እጅ ነሳችን። ከዚያ ቀና ስትል ያደረገችው ገባት። እልልታው ቀጥ አለ።

ከዳኞቹ ኋላ ተቀምጦ የነበረ አንድ ጣሊያን ሹም ወደ ኤሌኒ ሄዶ ይቺ ሴት ምንሽ ናት አላት። አላውቃትም ማለት ጥርት አድርጋ የምታውቅ ልጅ ነች። ያን ቀን ግን አላለችም። ወደ እናቷ እየተንሸራተተች ሄደችና እጇን ያዘች። ባለ መነጽሩ ሰሌዳውን ጠረጴዛው ላይ ደፋው። ሽልማቱ ለባለ ቀይ ጥብጣቧ ተሰጠ።

በማግሥቱ ጥሩነሽን ወሰዷት። ክረምቱን ሙሉ አሰሯት። ሙሴ ያኒ ከአገር ውጣ ተባለና ልጅቱን ይዞ በባቡር ጅቡቲ ወረደ። ከዚያ ወዲያ ደብዳቤም ሰውም አልመጣም፤ እናትና ልጅ ዳግመኛ አልተያዩም። ጥሩነሽ ስትፈታ ቤቷ ታሽጓል። ወደኔ መጣች። እኔ ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖረች፣ ከአንድ ገበታ በላን። ጎረቤቱ ደግ ሴት እያለ አመሰገነኝ። እውነቱን ከነገርኳት ጥላኝ ትሄዳለች ብዬ ፈራሁ። ለሷ አዝኜ እንዳይመስላችሁ፣ ባሌም ሞቶብኝ ነበርና ብቻዬን መቅረት ፈርቼ ነው።

እሷ እኔን አንድም ቀን ወቅሳኝ አታውቅም። ወቀሳው ሁሉ በራሷ ላይ ነበር። ፈትል ስንፈትል በመሐል እጇን ታቆምና፣ «ምን ቆርጦኝ ነው የተነሳሁት» ትላለች። «አንቺማ ደስ ብሎሽ ነው። አስተርጓሚው ሸፍኖልን ነበር። እኔ ነኝ በገዛ እጄ ያሳጣኋት።» እንዲህ ስትል እኔ ምን እል ነበር? «ተይው፣ የእግዜር ፈቃድ ነው» እል ነበር። ጥፋቴን እግዜር ላይ እየጣልኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖርኩ።

ታማ የተኛች ሰሞን፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ እጄን ያዘችኝና ጠየቀችኝ። «አስካለ፣ እውነቱን ንገሪኝ። እጅ ባልነሳ ኖሮ ልጄ ትቀርልኝ ነበር?»

እዚያ ቤት ውስጥ ከኛ በቀር ማንም አልነበረም። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው ብላት ትጮህብኛለች፣ ትረግመኛለች፣ ግን ትገላገላለች። ግንባሯን ዳበስኩና፣ «አትጨነቂ፣ አሁን ዕረፊ» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ጥያቄዋን ማለፌን አዎ ማለት አድርጋ ወሰደችው።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅር ማለት የምትችለው እሷ ነበረች፤ እሷ ደግሞ «ልጄን ያጠፋኋት እኔ ነኝ» ብላ አምና ተቀበረች።