የእመቤታችን ካባ ጠርዝ

ሲግናል ሰፈር ባለው ቤታችን ሳሎን የተሰቀለችው የእመቤታችን ሥዕል በዕድሜ ትበልጠኛለች። ከአንድ ጥንታዊ የጣሊያን ሥዕል የተባዛች ወረቀት ናት። እናቴ የእንጦጦ ማርያምን ዳገት መውጣት ጉልበቷ እምቢ ካላት ወዲህ፣ ጠዋት ጠዋት የምትጸልየው ወደዚያች ሥዕል ዞራ ነው።

ዓምና መስታወቷ ተሰነጠቀና ይዘናት ሾላ ገበያ ወረድን። ፍሬም ሠሪው በእኔ ዕድሜ ያለ ሙስሊም ነው። ሥዕሏን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋትና የካባዋን ወርቃማ ጠርዝ በጣቱ ከቀኝ ወደ ግራ ይከተል ጀመር። እኔ የሥዕል አስተማሪዋ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ጥልፍ ነው ብዬ ያለፍኩት ነገር የዓረብኛ ጽሕፈት መምሰሉን ያየሁት ገና ያኔ ነው።

«እማማ፣ የቁርኣን ፊደል ይመስላል፤ ግን አይነበብም» አላት እናቴን።

አፌ መቼ ያርፋል! የማውቀውን ሁሉ እዚያው ዘረገፍኩት። የጥንት አውሮፓውያን ሠዓሊዎች ከእስላም አገር በመርከብ በሚመጣው ሐርና የናስ ሳሕን ልባቸው ይሰረቅ እንደነበር፣ ማንበብ ሳይችሉ ጽሕፈቱን እንደ ጌጥ ወስደው የቅዱሳን ልብስ ላይ ይሥሉት እንደነበር፣ የዚያው አገር የሐረግና የኮከብ ጌጥም ቀስ በቀስ ምንጣፋቸውና የመጽሐፍ ሽፋናቸው ላይ እንደገባ ነገርኳቸው። ፍሬም ሠሪው ሥራውን ትቶ ሰማኝ። የእናቴ ፊት ግን ጠቆረ።

አዲስ መስታወት ገብቶላት ቤት ስንደርስ ሥዕሏ እንድትሰቀል አልፈቀደችም። በነጠላ ጠቅልላ ቁም ሳጥን ውስጥ አስገባቻት። ከዚያ በኋላ ባዶው ግድግዳ ፊት ጸሎቷን ትጀምርና ታቋርጣለች። ሦስት ቀን እንዲህ ሆነች። እኔም ራሴን ረገምኩ። ስንት ዓመት የጸለየችባትን ሥዕል በአንድ ቀን ወሬ አጠራጠርኳት።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ጠራችኝ።

«ሠዓሊው የጻፈውን አያውቀውም ነው ያልሽኝ?»

«አያውቀውም እማዬ። አይቶ ወደደው፣ በቃ። ካየው ጌጥ ሁሉ የበለጠበትን ለእሷ ሰጣት።»

ሥዕሏን ከቁም ሳጥን አውጥታ ነጠላውን ፈታችላት።

«እኔስ ግዕዙ መቼ ገብቶኝ ነው በየቀኑ የምደግምላት?» አለች በመጨረሻ። «በይ፣ ስቀያት።»

ወንበር ላይ ወጥቼ ሰቀልኳት። ገና ሳልወርድ፣ ያ የማይነበብ ወርቅ ዓይኔ ሥር እያለ፣ እናቴ ከኋላዬ በማታውቀው ቋንቋ ጸሎቷን ጀመረች። እስክትጨርስ ከወንበሩ አልወረድኩም።